የጋዝ ተርባይን ሞተር ክፍሎች ጥገናና ልባጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




«ለበጠ» ከሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ስሞች ይወጣሉ። አንደኛው «ልባጥ» ነው፤ ይኸውም አንጥረኛ በዕቃ ላይ የሚያለብሰው ስስ የማዕድን ሽፋን ነው። ሁለተኛው «ለበጣ» ነው፤ ይኸውም ከልብ ሳይሆን ላይ ላዩን የሚነገር ቃል ነው። ልባጡ ዕቃውን ከጉዳት ይጠብቃል፤ ለበጣው ግን እውነቱን ይሸፍናል። የጋዝ ተርባይን ሞተርን የብረት ክፍሎች የሚጠግንና የሚለብጥ ባለሙያ ዘወትር የሚሠራው በነዚህ በሁለቱ ቃላት ድንበር ላይ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም የሙያውን ዋና ዋና ዘዴዎች ባጭሩ ካስረዳ በኋላ፣ ጥገና ወደ ለበጣ የሚለወጠው የት ላይ እንደሆነ ማመልከት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞተሩና ሙቀቱ

የጋዝ ተርባይን አሠራር በጥቂት ቃላት ሊገለጽ ይችላል። አየር ከፊት በኩል ይገባና በመጭመቂያው ይታመቃል፤ በማቃጠያው ክፍል ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል፤ የጋለው ጋዝ ወደ ኋላ ሲወጣ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም በተራው መጭመቂያውን ያዞራል። ከዚህ የሚተርፈው ኃይል አውሮፕላን ይገፋል፣ ወይም የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል።

ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም ፍሬ ያፈራው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል የመጀመሪያውን ሞተሩን በሙከራ ቦታ ያስነሣው በ1937 ነው። ጀርመናዊው ሃንስ ፎን ኦሃይን የነደፈው ሞተር የተገጠመለት ሄንከል 178 አውሮፕላን በኦገስት 1939 በረረ። በዚያው በ1939 የብራውን ቦቨሪ ኩባንያ በስዊዘርላንድ፣ ኒውሻቴል ከተማ፣ 4 ሺህ ኪሎዋት የሚያመነጭ የጋዝ ተርባይን ተክሎ ለከተማው አገልግሎት አስረከበ። በኒውሻቴል ተርባይን የሚገባው ጋዝ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነበረ፤ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠውም ከነዳጁ ኃይል 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። በዛሬዎቹ ትልልቅ ተርባይኖች ጋዙ ወደ 1,600 ዲግሪ ይደርሳል፤ የሚገኘውም ጥቅም ከ40 በመቶ በላይ ሆኗል። ከዚህ እንደሚታየው የጋዝ ተርባይን ታሪክ በአብዛኛው የሙቀት ታሪክ ነው። ጋዙ በጋለ መጠን ሞተሩ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የሚሠራበትን ብረት ወደ ጥፋቱ ያቀርበዋል።

ሠራተኛው በተለምዶ ብሌድ የሚለው የተርባይኑ ክንፍ የሚሠራው ኒኬልን መሠረት ካደረገ ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ ከ1,300 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መቅለጥ ይጀምራል። እንግዲህ ብሌዱ የሚቆመው ሊያቀልጠው በሚችል ጋዝ መካከል ነው ማለት ነው። የሚያድኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በሆዱ ውስጥ በተቦረቦሩት ጠባብ ቦዮች የሚያልፈውና በገጹ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚወጣው የማቀዝቀዣ አየር ነው፤ ሁለተኛው ልባጡ ነው። በዚህ ላይ ብሌዱ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚዞር፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚያዝ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ከተተከለበት ዲስክ ሊነቅለው የሚጎትተው ኃይል ብዙ ቶን ይሆናል።

ቅይጡ ይህን የሚችለው በውስጡ ከኒኬልና ከአሉሚኒየም የተገነቡ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች በሥርዓት ተሰልፈው ስለሚገኙ ነው። ቅንጣቶቹ ብረቱ በሙቀት ቀስ በቀስ እንዳይለጠጥ ይገቱታል። ሆኖም ለጥንካሬ የሚጨመረው ንጥረ ነገር ሲበዛ፣ ዝገትን ለሚከላከለው ለክሮሚየም የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ስለዚህ የቅይጥ አዋቂዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ ጥንካሬን እየመረጡ ሄዱ፤ የብረቱን ገጽ የመጠበቁ ሥራም ለልባጡ ተተወ።

ብረቱን የሚጎዱት ነገሮች

ጥገና ከበሽታው ዕውቀት ይጀምራል። የመጀመሪያው ጉዳት የኦክሲጅን መብላት ነው፤ የጋለው ብረት ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ ገጹ ይረግፋል። ሁለተኛው የጨው ጉዳት ነው። ከባሕር አየር የሚገባው ሶዲየም በነዳጁ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ሶዲየም ሰልፌት የሚባለውን ጨው ይሠራል። ይህ ጨው በ884 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቀልጦም በብሌዱ ላይ ሲቀመጥ ተከላካዩን የኦክሳይድ ገጽ ያሟሟና ድኙን ወደ ብረቱ ሆድ ያስገባዋል። በኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖች ደግሞ ያልተጣራ ከባድ ነዳጅ ሲቃጠል፣ በነዳጁ ውስጥ ያለው ቫናዲየም ተመሳሳይ ጥፋት ያደርሳል።

ሦስተኛው ጉዳት የድካም ስንጥቅ ነው። ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ ብረቱ ይሰፋል፣ ይኮማተራል፤ ይህ መመላለስ በብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም በቀዳዳዎችና በጠርዞች ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይጀምራል። አራተኛው ቀስ በቀስ መለጠጥ ነው፤ ብሌዱ በሙቀትና በጉተታ ብዛት ለዓይን በማይታይ ልክ ይረዝማል፣ ውስጡም ጥቃቅን ክፍተት ያወጣል። አምስተኛው አቧራና አመድ ነው። በጁን 1982 በኢንዶኔዥያ የጋሉንጉንግ እሳተ ገሞራ ባወጣው አመድ ውስጥ የገባ ቦይንግ 747 አውሮፕላን አራቱም ሞተሮቹ ጠፉበት፤ ከአመዱ ከወጣ በኋላ ሞተሮቹ እንደገና ተነሥተው ጃካርታ በደኅና አረፈ። አመዱ በማቃጠያው ክፍል ቀልጦ እንደ መስተዋት በተርባይኑ ላይ ይጋገራል። በዛሬው ዘመንም የበረሃ አሸዋ በዚሁ ዓይነት ቀልጦ ወደ ሴራሚክ ልባጡ ስንጥቆች እየሰረገ ልባጡን ይሰነጣጥቀዋል።

ከነዚህ ጉዳቶች ከፊሎቹ በገጽ ላይ ይታያሉ፤ ከፊሎቹ በገጹ ሥር ተሰውረው ይኖራሉ። የጠጋኙ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

ልባጥ እንዴት ይሠራል

በተርባይን ሙያ ብዙ ዘመን ያገለገለው ልባጥ የአሉሚኒየም ልባጥ ነው። አሠራሩ ከእንጀራ ጋገራ ይልቅ ዳቦ በድፍድፍ ፍም ውስጥ ቀብሮ ከማብሰል ጋር ይመሳሰላል። ብሌዶቹ በሣጥን ውስጥ ይደረደሩና በዱቄት ይቀበራሉ። ዱቄቱ የአሉሚኒየም ምንጭ፣ እንደ አሞኒየም ክሎራይድ ያለ ቀስቃሽ ጨውና ዱቄቱ እንዳይጋገር የሚከለክል የአሉሚና አፈር ድብልቅ ነው። ሣጥኑ አየር በማይገባበት ምድጃ ለብዙ ሰዓት ሲግል ጨው ወደ ጋዝ ተለውጦ አሉሚኒየሙን ተሸክሞ ወደ ብሌዱ ያደርሰዋል። አሉሚኒየሙም ከኒኬሉ ጋር ተዋሕዶ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ማይክሮን የሚደርስ ውፍረት ያለው ገጽ ይሠራል። እንግዲህ ይህ ልባጥ እንደ ቀለም ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከብረቱ ሥጋ ጋር የተዋሐደ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት ይህ ዘዴ ተሻሻለ። ብሌዱ በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ ኃይል ስስ የፕላቲኒየም ገጽ ይለበስና ከዚያ በኋላ አሉሚኒየም ይሰጠዋል፤ ፕላቲኒየሙ የኦክሳይዱ ገጽ አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። ከዚህ ሌላ ኒኬልን ወይም ኮባልትን ከክሮሚየም፣ ከአሉሚኒየምና ከጥቂት ይትሪየም ጋር የቀላቀለ ዱቄት በፕላዝማ ነበልባል አቅልጦ በብሌዱ ላይ የመርጨት ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ የልባጡን ቅመም ከብሌዱ ቅይጥ ሳይጠብቁ እንደ ፈለጉ መወሰን ይቻላል።

በነዚህ ላይ የሚደረበው ደግሞ ሙቀት ከልካዩ የሴራሚክ ልባጥ ነው። ይህም ከ7 እስከ 8 በመቶ የይትሪየም ኦክሳይድ የገባበት ዚርኮኒያ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት፣ ናሳ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በሞተር ላይ ሞክሮ ጥቅሙን አሳይቷል። የሴራሚኩ ውፍረት ከሩብ ሚሊሜትር ባይበልጥም ሙቀትን የማሳለፍ ችሎታው ከብረቱ በብዙ እጅ ስለሚያንስ፣ ሥሩ ያለው ብረት መቶ ዲግሪና ከዚያም በላይ ቀዝቅዞ እንዲሠራ ያስችላል።

የሁሉም ልባጦች ምሥጢር ግን አንድ ነው። በልባጡ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ወደ ገጽ እየወጣ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ስስ የአሉሚና ቆዳ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ኦክሲጅን ወደ ውስጥ የሚገባው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። ቆዳው ሲረግፍ ልባጡ ከማከማቻው አሉሚኒየም አውጥቶ ሌላ ቆዳ ይተካል። ማከማቻው ሲያልቅ ልባጡ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ልባጥ ዘላለማዊ ሊሆን አልተፈጠረም፤ ብረቱ እንዳይበላ በብረቱ ፈንታ የሚበላ ቤዛ ነው። ልባጡ ተበልቶ ብረቱ ከተረፈ ሥራውን ፈጽሟል። የጠጋኙም ጥበብ ልባጡ ካለቀ በኋላ፣ ብረቱ መበላት ከመጀመሩ በፊት ያለውን ጊዜ ማወቅ ነው።

የጥገናው ሂደት

ሞተሩ ተፈትቶ ክፍሎቹ ወደ ጥገና ክፍል ሲገቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው መዝገባቸው ነው። ክፍሉ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ጠፋ፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተጠገነ፣ ስንት ጊዜ ልባጡ ተገፈፈ የሚሉት ጥያቄዎች በመዝገቡ መልስ ማግኘት አለባቸው። መዝገብ የሌለው ክፍል ምንም ያህል የሚያብረቀርቅ ቢሆን የማይታወቅ ክፍል ነው።

ከዚያ ክፍሉ ይታጠባል፤ ያረጀውም ልባጥ በአሲድ ይገፈፋል። ይህ ደረጃ ቀላል መስሎ የሚታይ ግን አስጊ ነው። የአሉሚኒየም ልባጥ ከብረቱ ጋር የተዋሐደ እንደመሆኑ፣ ሲገፈፍ ከብሌዱ ሥጋ ጥቂት ይዞ ይሄዳል። ውስጡ ክፍት የሆነ ብሌድ በአንዳንድ ቦታ ግድግዳው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ስለሚሆን፣ እያንዳንዱ ግፈፋ ከዕድሜው ላይ ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ አንድ ብሌድ ሊገፈፍና ሊለበጥ የሚችልበት ጊዜ በቁጥር የተወሰነ ነው፤ የግድግዳውም ውፍረት በየጊዜው መለካት አለበት።

ገጹ ከተራቆተ በኋላ ስንጥቅ ይፈለጋል። ክፍሉ በሚያበራ ፈሳሽ ይነከርና ላይ ላዩ ይታጠባል፤ በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ብሩህ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይወጣል። ስንጥቁ በቆሻሻ ወይም በኦክሳይድ የተደፈነ ከሆነ ግን ፈሳሹ አይገባም፤ መስመሩም አይታይም። በጥሩ ሁኔታ ያልጸዳ ክፍል መርማሪውን ይዋሸዋል።

የተገኘውን ስንጥቅ ለመድፈን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ብየዳ ነው። እንደ ኢንኮኔል 718 ያሉት ቅይጦች ብየዳን ይቀበላሉ። አሉሚኒየምና ቲታኒየም የበዛባቸው የብሌድ ቅይጦች ግን በብየዳው ሙቀት፣ ወይም ከብየዳው በኋላ በምድጃ ሲግሉ፣ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃሉ። ለጥንካሬ የተሰጣቸው ነገር ለጥገና እንቅፋት ሆነባቸው ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያው ብየዳውን ጉልበት ወደማይበዛበት የብሌዱ ጫፍ ይወስነዋል፤ ሙቀቱንም በሌዘር ወይም በሌላ ዘዴ ወደ ጠባብ ቦታ ይሰበስበዋል።

ሁለተኛው መንገድ ብሬዚንግ ነው። የመቅለጫ ሙቀቱን ለመቀነስ ቦሮን ወይም ሲሊከን የተጨመረበት የኒኬል ዱቄት በስንጥቁ አፍ ላይ ይቀመጥና ክፍሉ አየር በወጣለት ምድጃ ይግላል፤ የቀለጠው ዱቄት ክር ዘይትን እንደሚስብ በጠባቡ ስንጥቅ ይሳባል። ይህ እንዲሆን ግን የስንጥቁ ግድግዳ ከአሉሚኒየምና ከቲታኒየም ኦክሳይድ የጠራ መሆን አለበት። እነዚህ ኦክሳይዶች በተራ አሲድም ሆነ በምድጃ ብቻ ስለማይለቁ፣ በከፍተኛ ሙቀት በሃይድሮጅን ፍሎራይድ ጋዝ ይታጠባሉ። ጋዙ መርዝ ስለሆነ ሥራው ልዩ መሣሪያና ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ ክፍሉ ጥንካሬው እንዲመለስና በብየዳው የታመቀው ውጥረት እንዲረግብ በተወሰነ ሙቀትና በተወሰነ ሰዓት በምድጃ ይታከማል። በመጨረሻም እንደገና ይለበጣል፤ የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹ በልባጡ አለመደፈናቸው በአየር ፍሰት ይለካል፤ ዲስኩ ሲዞር እንዳይንቀጠቀጥም ብሌዶቹ ተመዝነው በሚዛናቸው መሠረት ይደረደራሉ።

አዲስ ብሌድ ውድ በመሆኑ ጥገናው የአዲሱን ዋጋ ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ይጠይቃል። ባለሙያውን የሚፈትነውም ይኸው ነው። ለመጠገን የሚጋብዘው ጥቅም ግልጽ ሲሆን፣ ላለመጠገን የሚያስገድደው ምክንያት ግን በብረቱ ሆድ ውስጥ የተሰወረ ነው።

ከማንቸስተር የተገኘው ትምህርት

ኦገስት 22 ቀን 1985 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አውሮፕላን ማረፊያ 131 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች የያዘ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር ከግራው ሞተር ፍንዳታ ተሰማ። አብራሪዎቹ መነሣቱን ትተው አውሮፕላኑን አቆሙ። ነገር ግን ከሞተሩ የተወረወረ ስባሪ በክንፉ ሥር ያለውን የነዳጅ ታንክ መክደኛ መትቶ ሰብሮት ስለነበር፣ የፈሰሰው ነዳጅ ተቀጣጠለ፤ ቀላሉም ነፋስ እሳቱን ወደ አውሮፕላኑ አካል ገፋው። 55 ሰዎች ሞቱ፤ ለብዙዎቹ ሞት ዋናው ምክንያት ከእሳቱ ይልቅ መርዘኛው ጭስ ነበረ።

የሞተሩ ዓይነት ጄቲ8ዲ ሲሆን፣ በማቃጠያው ክፍል ዙሪያውን የተደረደሩ ዘጠኝ የማቃጠያ ጣሳዎች አሉት። የብሪታንያ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች እንደ ደረሱበት የአደጋው መነሻ የዘጠነኛው ጣሳ መሰበር ነው፤ ይህም ጣሳ ከዚያ በፊት ተጠግኖ የነበረ ነው። በዙሪያው ተሰንጥቆ በብየዳ የተደፈነው ጣሳ ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላ እንደገና ተሰንጥቆ ለሁለት ተከፈለ፤ ከተቀደደው የማቃጠያው ክፍል ሽፋን የወጣውም የእርሱ ስባሪ ነው።

ማንቸስተር ለጠጋኝ የሚያስተምረው ብየዳ መጥፎ መሆኑን አይደለም፤ የማቃጠያ ጣሳ በብየዳ መጠገን በሙያው የተለመደና የተፈቀደ ሥራ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው። የተበየደ ስንጥቅ ጠፍቷል ማለት፣ ስንጥቁን የወለደው ምክንያት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ብረቱ በሙቀት መመላለስ ደክሞ ከተሰነጠቀ፣ ድካሙ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ባለው ብረት ውስጥም አለ። ብየዳው አንዱን መስመር ይደፍናል፤ የደከመውን ብረት ግን አያሳርፈውም። ላዩ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ የተባለ ዓይነት ሥራ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለጠጋኙ «ይህ ስንጥቅ ሊደፈን ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው፤ አንደኛው «ይህ ክፍል እስከ ሚቀጥለው ምርመራ ሊያደርሰው የሚችል ዕድሜ ቀርቶታልን?» የሚለው ነው።

ምርመራም ቢሆን ከስሕተት የጸዳ አይደለም። በጁላይ 1996 በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ በፔንሳኮላ ከተማ አንድ ኤምዲ 88 አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር የሞተሩ የፊት ማራገቢያ እምብርት ተሰብሮ ስባሪው ሁለት መንገደኞች ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው ስንጥቁ የጀመረው እምብርቱ ሲሠራ ቀዳዳው በተበሳበት ጊዜ ከደረሰ ጉዳት ነው፤ ቀደም ብሎ በሚያበራው ፈሳሽ በተመረመረበት ጊዜም ሊታይ የሚችል ሆኖ ሳለ ሳይታይ አልፏል። መሣሪያው ነበረ፣ ዘዴውም ነበረ፤ የጎደለው ዘዴው ያለማቋረጥ በትክክል መሠራቱ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

ኢትዮጵያ ወደ ጄት ዘመን የገባችው በ1962 መጨረሻ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 አውሮፕላኖች በተረከበ ጊዜ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሞተሩ በባሕር ጠረፍ ለመነሣት ከሚያስፈልገው የበለጠ መድከም፣ ተርባይኑም ይበልጥ መጋል ይኖርበታል። በደጋ የሚነሣ ሞተር ልባጡን ፈጥኖ ይበላል፤ የተርባይኑንም ዕድሜ ያሳጥራል። ስለዚህ በአንድ የአውሮፓ ከተማ በተገኘ ልምድ የተወሰነው የጊዜ ገደብ ለደጋው በረራ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ የራስን ሞተር የሙቀት መዝገብ እያነበቡ መፍረድ ያስፈልጋል።

ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ክፍል ለጥገና ወደ ውጭ አገር ሲላክ የውጭ ምንዛሪ ይወጣል፤ ሞተሩም ክፍሉን እየጠበቀ ይቆማል። ጥገናና ልባጥ በአገር ውስጥ ሲሠራ የሚገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ሆኖም ምድጃውንና መርጫውን መግዛት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ምድጃ በገንዘብ ይገዛል፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ስድስት ሰዓት ተቀምጦ የመጨረሻውን ብሌድ እንደ መጀመሪያው አጥርቶ የሚመለከት ዓይን ግን በትምህርትና በሥነ ሥርዓት ብቻ ይገኛል። ብሌዱን ቆርጦ፣ አለስልሶ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር የልባጡን ውፍረትና የቅንጣቶቹን ሁኔታ የሚያነብ የብረታ ብረት አዋቂም ከመሣሪያው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ አባላት፤

የጠጋኝ ሙያ የሚመሰገነው ባዳናቸው ክፍሎች ብዛት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በየጥገናው ክፍል አንድ ጥግ የሚቀመጥ፣ ውዳቂ የሚጣልበት ሣጥን አለ። በዚያ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው ብሌድ ሁሉ አንድ ባለሙያ ሊበየድ የሚችለውን አልበየድም፣ ሊለበጥ የሚችለውን አልለብጥም ብሎ የፈረደበት ነው። የዚያ ፍርድ ዋጋ ወዲያውኑ በሒሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይጻፋል፤ ትርፉ ግን በየትም አይጻፍም፤ ምክንያቱም ያልደረሰ አደጋ መዝገብ የለውም።

ስለዚህ የጥገና ክፍል ኃላፊ የሆነ ሁሉ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ሊጠብቅ ይገባዋል። አንደኛው ክፍሉ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያለፈበትን ሙቀት፣ ግፈፋና ብየዳ ሳይሸራረፍ የሚናገር መዝገብ ነው። ሁለተኛው የመርማሪው ነፃነት ነው፤ መርማሪው አንድን ክፍል በመጣሉ የሚወቀስ ከሆነ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጣል ይተዋል። እነዚህ ሁለቱ በተጠበቁበት ቤት ልባጥ ልባጥ ሆኖ ይኖራል፤ ብረቱን ይጠብቃል፣ በብረቱም ፈንታ ይበላል። ባልተጠበቁበት ቤት ግን ምድጃው ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ከምድጃው የሚወጣው ነገር ልባጥ መሆኑ ይቀርና ለበጣ ይሆናል፤ እሳትና ዲስክ ደግሞ በለበጣ አይታለሉም።